አባቴን የሳልኩ ዕለት

ሞላሌ መናኸሪያ ዝናብ የመታው የሱፍ ባና ሲሸተኝ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። በልግ ገብቶ አገሩን ጉም ሸፍኖታል። ከከተማ የመጣች የሥነ ልቦና ባለሙያ ነጭ ወረቀት አደለችንና «ከቤታችሁ አንድ ሰው ሳሉ» አለችን። እኔ አባቴን ሳልኩ፤ ጠዋት ደጃፍ ላይ እንደሚቆመው፣ ባናውን እስከ አገጩ ተከናንቦ።

በሳምንቱ ቢሮ አስጠራችኝ። ሥዕሌ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«እጆቹ የት አሉ?»

«ባናው ውስጥ።»

«ለምን ደበቅሻቸው?»

ጎንበስ ብዬ ሥዕሌን አየሁት። እሷ አንድ ነገር ጻፈች። «ሲበርድሽስ ምን ታደርጊያለሽ?» ስትለኝ ደስ ብሎኝ «አባዬ ባናው ውስጥ ያስገባኛል» አልኳት። እስክሪብቶዋ ቀጥ አለ።

ከዚያ እናቴ ተጠራች። ስትወጣ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። እጄን ይዛ እቤት ወሰደችኝ። እንደገባን መኝታዬን ወደ ራሷ መደብ አዛወረችው።

«እውነቱን ንገሪኝ። ነክቶሽ ያውቃል?»

«ማን?»

«አባትሽ!»

አልነካኝም ብዬ ማልኩላት። «አምኜሻለሁ» አለች፤ ዓይኗ ግን አላመነም። አባቴ ቆሎ ሲዘግንልኝ ታያለች። በጎቹን እንድመልስለት ሲጠራኝ እሷም ትከተላለች። ማን እንደነገረው አላውቅም፣ አንድ ጠዋት «እኔን ነው እንዴ የጠረጠርሽው?» ብሎ ጠየቃት። እንስራዋን አንሥታ ወጣች። እኔም ሳላስበው እጆቹን መጠበቅ ጀመርኩ። ገብሱን ሲያሽ፣ የበጓን እግር ሲይዝ፣ እነሱ ያዩትን እኔ ያላየሁት መስሎኝ አፈጥጥባቸው ነበር።

ባለሙያዋ እንደሄደች ቀረች። ክስም አልመጣ፣ ይቅርታም አልመጣ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ አስተማሪያችን ስለዚህ ዓይነቱ ፈተና አስተማረን። ልጅ በአፉ የማይናገረውን በእርሳሱ ያወጣዋል የሚሉ ምሁራን አሉ። አይ፣ ሥዕሉ የሚያሳየው የተርጓሚውን ሐሳብ ነው የሚሉም አሉ። ማናቸው ትክክል እንደሆኑ ጠየቅኩት። «እስካሁን ይከራከራሉ» አለና ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈ። እንዲህ ያለ ወረቀት ከመከራ ያወጣት ልጅ የሆነ ቦታ ትኖር ይሆናል። እሷን ሳስብ ባለሙያዋን ለመርገም አፌ አይታዘዝልኝም። ብቻ ከዚያ ወዲህ፣ በለሰለሰ ድምፅ የሚጠይቀኝን ሰው አላምንም።

ባለፈው ጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እኔና አባቴ ብቻችንን ቀረን። ወዲያው ተነሥቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ውርጩ ገባ።

«አባዬ፣ ብርድ ነው እኮ፤ ዝጋው።»

«ግዴለም ልጄ። መንገደኛ ይየን።»

የተቀመጥኩባትን ዱካ ወደ እሱ አስጠጋሁ። ቀና ብሎ መንገዱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ራቅ አለ።