«ማነው?» የሚባልበት ቦታ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ ያደረግነው ነገር፣ ለአንዲት አሮጊት መነኩሲት ብርቱካን ይዘን ኪዳነ ምሕረት ገዳም መሄድ ነበር። የመነኩሲቷ በር ዝግ ነበር።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ» አለ ባለቤቴ። ወዲያው አንድ ብርቱካን ወደቀበትና ሊያነሳ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ሲከፍቱ ፊታቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

«ኧረ! የመለሰልኝ ወንድ፣ የገባችው ሴት!» ብለው ሳቁብን።

ወደ ሃነቪኢም ጎዳና ስንመለስ ባለቤቴ «የእኛም ስህተት ይኸው ነው» አለኝ። ሁለታችንም የምንሠራው በኮምፒውተር ከርነል፣ ማለትም ሥርዓቱን ከሥር በሚመራው ኮድ ላይ ነው። አንድ ዲስክ ከሥርዓቱ ጋር ሲያያዝ፣ የጥበቃው ኮድ «ይፈቀድ?» ብሎ የሚጠይቀው ዲስኩ ራሱ ሳይታይ በስሙ ብቻ ነበር፤ ከተፈቀደ በኋላ በዚያው ስም ሌላ ዲስክ ሊገባ ይችላል።

«ጥያቄው ዲስኩ ተገኝቶ ከታየ በኋላ፣ ከመያያዙ በፊት ይሁን። ለማያያዝም፣ ለማዛወርም፣ ፈቃድ ለመለወጥም የየራሱ ጥያቄ ይኑረው» አለ።

«ይህን ሁሉ የቆየ ኮድ ስትነካ ማን ይቀበልሃል?»

«አንቺ ካለሽበት ይቀበላሉ።»

በዚያው ሳምንት ልቡ ቆመ። ሥራው ከግማሽ ሳይደርስ ቀረ። ከሐዘኑ በኋላ የጀመረውን ብልከው፣ ኮዱን የሚገመግሙት ሰዎች «ለውጡ በዛ፤ ከፋፍለሽ አምጪው» ብለው መለሱልኝ። እህቴ «ተይው፣ ትንሽ እረፊ» አለችኝ። አልተውኩትም፤ ከፋፍዬ መላክ ጀመርኩ።

የማያያዣው ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቷል። አሁን ጠዋት ጠዋት በእሱ ወንበር ተቀምጬ የማዛወሪያውን እጽፋለሁ።