የግራ እጅ ጥቅልል

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይሄ የምነግራችሁ ሰው የተወጋበትን ቀን ብቻ አይደለም ያልረሳው፤ ሰዓቱንም፣ በዚያች ሰዓት አጎቱ ለብሶት የነበረውን ሸሚዝም አልረሳም። ሰማያዊ ነበር፣ ኪሱ የተቀደደ።

የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ክፍል አለችው። ግድግዳዋ ላይ አሮጌ ዲናሞዎች ተንጠልጥለዋል፤ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ባትሪ ቻርጅ ላይ ነው። ሙያው ለጉድ ነው። ሰፈሩ ግን «ለኳሹ» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣለት አጎቱ ነው፤ የእናቱ ታናሽ ወንድም፣ ባለጋራዡ።

ሙያውን ያስተማረውም ይኸው አጎቱ ነው፤ ይህን አይክድም። ልጁ ግን የሚቀናው ግራ እጁ ስለሆነ፣ ሽቦ ቀጥሎ ጥቁሩን ፕላስተር ሲጠቀልል ጥቅልሉ ሰው ሁሉ ከሚጠቀልልበት በተቃራኒ ይዞራል። አጎትየው መጀመሪያ በካቻቢቴ እጀታ ጣቱን እየመታ «በቀኝህ! በቀኝህ!» ይል ነበር። አልሆነም። ከዚያ መሳቂያ አደረገው። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር «የዚህን ግራ ጥቅልል ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳስሼ አውቀዋለሁ» እያለ ጋራዡን በሳቅ ያፈርሰዋል።

የተወጋበት ቀን ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የአጎትየው አሮጌ የጭነት መኪና በተነሳች ቁጥር ፊውዝ ታቃጥል ጀመር። «ጋሼ፣ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት እየነካ ነው። እሱን ሳናገኝ እንዳትነሳ» አለውና ልጁ ፊውዝ ሊገዛ ሄደ። ሲመለስ መኪናዋ የለችም። ምሳ ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ሞተሯ እየነደደ ተገኘች። አጎትየው ሰማያዊ ሸሚዙን በጭስ አጥቁሮ መጣና ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «እሱ ነው ያቀጣጠላት! ለኳሽ! ውጣልኝ!» አለው። ወጣ።

ከሥራ መባረሩስ ይሁን፣ ሥራ ይገኛል። እናቱ ግን ወንድሟን አመነች። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤቷ አንዲት ሽቦ አላስነካችውም። አምፖል ሲቃጠል ጎረቤት ትጠራለች። የሳሎኑ ማብሪያ ማጥፊያ ይነዝራታል፤ በእንጨት ማንኪያ እየገፋች ታበራዋለች። እሱ፣ የከተማው ሹፌር ሁሉ የሚሰለፍለት ሰው፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያያል። «እማ፣ ሁለት ደቂቃ እኮ ነው» ሲላት፣ «ተወው ልጄ፣ ቤቴንም እንዳታነድብኝ» ትለዋለች። በክፋት አይደለም፤ ከልቧ ፈርታ ነው። እሱን ያንገበገበው ደግሞ ይኸው ነው። ሌሊት ተኝቶ ማንኪያዋን እያሰበ ጥርሱን የሚያፋጭበት ጊዜ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እናቱ ቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ቆመች። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ደርሳ አታውቅም።

«ያቺ መኪና ሞታለች» አለችው። «ሦስት ኤሌትሪክ ሠራተኛ አይቷት አልነሳም አለች። ዛሬ ገዢ መጥቷል። አጎትህ ጨንቆታል። በእጅህ ያነደድካትን በእጅህ አስነሳና ተገላገል።»

ወይ ጉድ! ሊክስ ነው የተጠራው! ደሙ ፈላ፤ ግን ሳቀ። «እሺ እማ፣ ደስ እያለኝ» አለ። ደስ ያለው ለምን መሰላችሁ? የባትሪውን ብሎን ግማሽ ዙር አላልቶ፣ መኪናዋን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ገዢው እጅ ላይ ሊገድላት ነው። ቦርሳውን አነሳ።

ጋራዡ ሲደርሱ አጎትየው ጮኸ። «ይሄን ለኳሽ ማን ጠራው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቱ። «ዝም ብለህ ቁም።»

ገዢው ጎማ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ሠራተኞቹ እጃቸውን ጠርገው ከበቡ። ለኳሹ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ «ቀጭ» ብሎ ዝም። መብራቱን አብርቶ ደግሞ አዞረ፤ መብራቱ ጭል ጭል ብሎ ጠፋ። ባትሪው አዲስ ነው፤ ከእሱ በፊት ያዩት ሦስቱም ሠራተኞች የቀየሩት እሱኑ ነው። ሰው ሲጨንቀው ባትሪ ይቀይራል።

የኤሌትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ባትሪው ላይ ሲያደርግ ደህና ነው። ከባትሪው ወደ መኪናዋ ብረት፣ ወደ ሻንሲው፣ የሚወርደውን ጥቁር ገመድ ጫፍ ሲነካ ግን ቁጥሩ ወረደ። ፈታው። ከእሳቱ በኋላ ቀለም የቀባው ሰው ከነብሎኑ ቀብቶታል፤ ከሥሩ ዝገት። ፋቀና አሰረው። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ተነፈሰ፤ አንድ ሁለቴ አሽከረከረና ደከመ። አዲስ ባትሪ እንዲህ አይደክምም። መኪናዋ ቆማ እያደረች የሆነ ነገር ባትሪውን ይመጠዋል ማለት ነው። ቁልፉን ነቅሎ በር ዘግቶ ለካ፤ አዎ፣ ኤሌትሪኩ ይፈሳል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ። መፍሰሱ አልቆመም።

ፊውዝ ሁሉ ተነቅሎ የሚፈስ ከሆነ፣ ፊውዝ ዘሎ የሚያልፍ ሽቦ አለ። በጀርባው ተኝቶ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባና የእጅ ባትሪ አበራ።

አገኘው። ጣት የሚያህል ሽቦ ከፊውዝ ሳጥኑ ጀርባ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ተወርውሯል። ጥቁሩ ፕላስተር ግማሹ ቀልጧል። ያልቀለጠው ግን ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ጫፉ ላይ በጥርስ የተነጨች ጅራት አለችው። እዚያው በጀርባው እንደተኛ ሳቁ አመለጠው። ዘጠኝ ዓመት! እሳቱ ካቢናው ሳይገባ ስለጠፋ፣ ያ ሰነፍ አጎቱ «የሚሠራ ነገር አይነካም» ብሎ ትቶታል፤ ከጊዜ ብዛትም ረስቶታል። የብሎኗ ሐሳብ ከጭንቅላቱ በነነች። አሁን ማን ብሎን ያላላል!

ሽቦውን ቆርጦ ኪሱ ከተተ። ሌላ ቁራጭ ሽቦ ወስዶ በግራ እጁ ፕላስተር ጠቀለለበት። ከዚያ ወጣ።

«ጋሼ» አለ በትህትና። «የኔን ጥቅልል ዓይንህን ጨፍነህ ታውቀው ነበር። ሽማግሌ ሆነሃል፣ አሁን አታውቀውም ብዬ ልወራረድ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ገዢው እንኳ ቀና አለ። አጎትየው ሰው ፊት ጉራ መንፋት እንደሚወድ የማያውቅ አለ? ዓይኑን ጨፈነ። «አምጣ!»

የመጀመሪያውን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። «ይሄ ያንተ ግራ ነው! ሃ ሃ!» ጭብጨባ ሆነ። ሁለተኛውን ሰጠው። አውራ ጣቱ ጅራቷ ላይ ደረሰ። «ይሄማ የራሴ ነው! በጥርሴ የምቆርጠው እኔ ብቻ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ማን ሊሆን ነው ታዲያ!»

«እንግዲያው ዓይንህን ክፈት። አሁን ከዚህች መኪና ዳሽቦርድ ሥር ቆርጬ ያወጣሁት ነው። ፊውዝ እንዳይቃጠል ፊውዙን ዘሎ ያለፈው። ሞተሯን ያነደደው።»

አጎትየው ዓይኑን ገልጦ የያዘውን አየና መዳፉን ጨበጠ። የልጁ እናት ቀረብ ብላ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ሽቦውን ወሰደችበት።

«እታለም... ጭነቱ አስቸኩሎኝ ነበር» አለ አጎትየው። «እሱ ልጅ ነው፣ ሰው ይረሳለታል ብዬ...»

የልጁ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ዋሽቶ ምን ይጠቀማል? ደስ አለው፤ አጎቱ ሲያንስ እያየ ደስ አለው፣ ቶሎ እንዲያልቅም አልፈለገም።

«ይቅር በለኝ» አለው አጎትየው።

«ለኔ አትንገረኝ። ለኳሽ እያልክ ስሜን ያወራህበት ቤት ሁሉ እየዞርክ ንገር። ስትጨርስ ና፣ ያኔ አስብበታለሁ።»

ተመልሶ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ። የተላጠውን ሽቦ አግኝቶ ጠገነ፣ ፊውዙን በቦታው መለሰ፣ የደከመውን ባትሪ ከሌላ መኪና አስደገፈ። መኪናዋ ባንዴ ተነሳች። ገዢው «አንተ ስለሠራሃት እወስዳታለሁ» አለው፤ ባለጋራዡን ዞር ብሎም አላየው።

እናቱ ግን ሽቦውን ጨብጣ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ለኳሽ» አለችው።

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። ዓይኗ ሞልቷል፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፏ አልወጣም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንላትም።

«ቦርሳህን እንደያዝክ ና» አለችው። «የሳሎኑ ማብሪያ ማጥፊያ እየነዘረኝ ነው።»