ሁለት ጣት

አዲስ ደንበኛ መጀመሪያ የሚያየው እጁን ነው። «ሁለት ጣት ጋ ሂድ» ተብሎ የተላከ ሰው ጣቶቹ የተቆረጡ ሜካኒክ አገኛለሁ ብሎ ይመጣና አሥሩም ሙሉ ሆነው ሲያይ ግራ ይጋባል። ሜካኒኩ ስሙን ያገኘው ከአሠራሩ ነው። የባለ ሦስት እግር ሞተር ሞላ ሲያስተካክል ነጂውን ኮርቻው ላይ ያስቀምጥና ከፊት ተንበርክኮ ጣቱን የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ብረት፣ በፎርኬላው ላይ ያስጠጋል። ሰውዬው ሲቀመጥ ሞተሩ ሁለት ጣት ዝቅ ካለ ልክ ነው። ከዚያ ከበለጠ ሞላው ላልቷል፤ ካነሰ ጠንክሯል። ማስተካከያው ቀለበት አምስት ጥርስ አለው፤ አንደኛው ለቀላል ሰው፣ አምስተኛው ለከባድ። ዕቃው የሚያርፈው ከኋላ ስለሆነ የፊተኛው ሞላ የሚሸከመው ነጂውን ብቻ ነው።

ታዲያ ቁልፉን ሲያዞር ምላሱም አብሮ ይዞራል። አንዱን ሚስትህ አኩርፋለች መሰለኝ፣ ግማሽ ጣት ቀንሰሃል ይለዋል፤ ሌላውን ሆዱን እያየ ለሞተሩ እንዲያዝንለት ይለምነዋል። የሰፈሩን ሰው ውፍረትና ክሳት ከእሱ ቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። በዚህም ይኮራ ነበር፤ ከመጠን በላይ ይኮራ ነበር ቢባልም ሐሜት አይሆንም።

ታላቅ ወንድሙ በሞተር የመስኮት መስታወት ያመላልሳል። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ታናሹን አዝሎ ያሳደገው እሱ ነው፤ ሜካኒኩም ጋሼ ይለዋል እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ጋሼ ግዙፍ ሰው ነበር። ሲቀመጥ ወንበር ያቃስታል፤ ሰፈር ውስጥ ቁም ሣጥን ከቦታው የሚነሣ ከሆነ ይጠሩታል።

አንድ ቀን ጋሼ መሪው ከበደኝ፣ ክንዴ ይዝላል ብሎ መጣ። ሜካኒኩ ለወንድሙ የሚያደርግለት ነገር በማግኘቱ ደስ አለው። ፎርኬላውን የሚይዙትን ማቀፊያ ብረቶች አወጣና የፊቱን ጎማ ትንሽ ወደፊት የሚገፉ አዳዲስ ብረቶች ራሱ ቆርጦ ገጠመለት። መሪው ውሃ ሆነ። እንዲህ ያለ ሥራ ከተሠራ በኋላ ነጂው ተቀምጦ ሞላው እንደገና ይለካል፤ ይህን ለሰው ሁሉ የሚሰብከው እሱ ራሱ ነው። ለጋሼ ግን መለካቱ አልታየውም። ጀርባው ላይ ያደገ ሰው ክብደቱን ይጠይቃል እንዴ? ቀለበቱን እንደ ድሮው አራተኛው ጥርስ ላይ አስሮ ሰጠው። ጋሼም ልለካ አላለም። በዚያ ሙቀት ሁለት ኮት ደርቦ ቆሞ ነበር፤ ብርድ ገብቶኛል አለ፣ ታናሹም አመነው።

በሳምንቱ መስታወት ተሰበረ። ሞተሩ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እንደ ፌንጣ ይዘላል አለ ጋሼ። ሜካኒኩ የአዲሱን ብረት ብሎኖች አጠበቀ፣ የጎማውን ንፋስ ቀነሰ፣ የኋላውን ሞላ ነካካ። በሌላው ሳምንት ደግሞ ተሰበረ፤ መስታወቱን የሚያስጭነው ባለሱቅም ሦስተኛ ካየሁ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። ሜካኒኩ ወንድሙን እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተቀመጥ ያለው ገና ያኔ ነው። ጋሼ ለነገ ይሁን አለ። ታናሹ ግን እምቢ አለ።

ጋሼ ኮቶቹን እንደ ደረበ ተቀመጠ። ሞተሩ ግማሽ ጣት ወረደና ቆመ።

ሜካኒኩ ሞላው ተጣብቋል ብሎ ፈታው፤ አጸዳው፣ ቅባት ቀባው፣ መልሶ ገጠመው። ግማሽ ጣት። ከመደርደሪያው አዲስ ሞላ አወረደ። ያው ግማሽ ጣት። ሜካኒኩ ላቡ እየተንጠባጠበ ሞላውን የሠራውን ሰው ይራገማል፤ ጋሼ በታዘዘ ቁጥር ይወጣል፣ ይወርዳል። በሦስተኛው ትንፋሹ እስኪመለስ መሪውን ተደግፎ ቆየ። በመጨረሻ ሜካኒኩ ወንድሙን አስወርዶ ራሱ ተቀመጠና ለካኝ አለው። እሱ ቀጭን ነው፤ ጋሼ ዕድሜ ልኩን «ግማሼ» እያለ ሲያሾፍበት ኖሯል።

«አንድ ጣት ተኩል» አለ ጋሼ ከታች ሆኖ።

ሜካኒኩ ጎንበስ ብሎ የጋሼን ጣቶች ራሱ አየ።

«ሞላው ምንም አልሆነም» አለ ጋሼ።

ሜካኒኩ ከኮርቻው ሳይወርድ ወንድሙን አየው። የኮቱ አንገትጌ ከአንገቱ ርቆ ቆሟል። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ። ሁሉም ሲታይ የከረመ ነገር ነው፤ እሱ ብቻ አላየውም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀው። ሰባት ወር ሆኖታል፣ ጉበት ነው፣ ሐኪሙም የሚደረግ ነገር የለም ብሏል። ሚስቱ አታውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጋሼ ግን የደበቀው መድኃኒት እንደሌለው ካወቀ በኋላ ነው።

«ለእኔ እንኳ አትነግረኝም ጋሼ?»

«የሰፈሩን ሰው ሁሉ በሁለት ጣት ታውቅ የለ? አንድ ቀን ተቀመጥ ይለኛል ብዬ ስጠብቅህ ነበር። ስትለኝ ደግሞ ፈራሁ።»

ሜካኒኩ እዚያው ኮርቻው ላይ አለቀሰ። ጋሼ ጀርባውን መታ መታ አደረገለትና መስታወቱን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ አለው።

ሜካኒኩ ወርዶ ተንበረከከና ቀለበቱን አላላ። ሦስተኛው ጥርስ፣ ሁለተኛው፣ አንደኛው። ከአንደኛው በታች ጥርስ የለም። ጋሼ ሲቀመጥ ለካው፤ ልክ ሁለት ጣት ሆነ።

በጋራዡ በር ላይ የውሃ ቦይ አለ፤ ተሠርቶ የወጣ ሞተር ሁሉ የሚፈተነው እሱን ሲሻገር ነው። ጋሼ ሁለት መስታወት እንደ ጫነ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ቦዩ ነዳ። ሜካኒኩ ዓይኑን ጎማው ላይ ተክሎ፣ በሠራባቸው ዓመታት ሁሉ ተመኝቶት የማያውቀውን ተመኘ፤ ሥራው እንዲበላሽ። መስታወቱ ይንኳኳ፣ ሞተሩ ይዝለል፣ ያኔ ጥፋቱ የሞላው ነው። ሞላ ይቀየራል።

ሞተሩ ቦዩን ተሻገረ። መስታወቱ ድምፅ አላሰማም።

ጋሼ ፊቱን መለስ አደረገ።

«አሁን ገና ተመቸኝ» አለ። «እጅህ ይባረክ።»