አሲድና ሙጫ

ባለፈው ሳምንት ሬድዮዬን ወደ ጠጋኙ ይዤ ሄድኩ። ሰውየው የጋለውን ብረት ሙጫው ላይ ቢያሳርፈው ጢሱ ወደ እኔ መጣ፤ የጥድ ሽታ፣ መጀመሪያ ጣፈጥ ብሎ ኋላ ጉሮሮ የሚከረክር። "እማማ፣ ምነው? ይቀመጡ እንጂ" ሲለኝ ነው ግድግዳውን ይዤ መቆሜን ያወቅኩት። እስቲ ላጫውትህ፤ ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አዳማ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ከባቡር ጣቢያው፣ ከጥቂት ሱቆችና ከግራር ዛፎች በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም። ባለቤቴ የጣቢያው ስልከኛ ነበር። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ ዛሬ ግን እሱ በወጣትነቱ ቀርቶ እኔ አርጅቻለሁና፣ "እሱ" ብለው አይቀየመኝም።

ከጣቢያው ማዶ አንድ አርመናዊ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። ፈረንጁን ሁሉ "ሙሴ" በምንልበት ዘመን እሱንም ሙሴ እንለው ነበር። ከባለቤቴ ጋር ይዋደዱ ነበር፤ በአንድ ነገር ብቻ አይስማሙም። እርሳስ ቀልጦ ሽቦ ላይ እንዲይዝ፣ መጀመሪያ ሽቦውን የሚያጠራ ነገር መቀባት አለበት። ሙሴ የሚቀባው አሲድ ነው፤ በሰማያዊ ጠርሙስ የሚያኖረው፣ ትኩስ ብረት ሲነካው ፍሽ ብሎ ዓይን የሚያስለቅስ። ዝገትም ይኑር ቆሻሻ፣ በአንዴ ያስይዛል። ባለቤቴ ደግሞ ከጅቡቲ ከሚመጣለት የጥድ ሙጫ በቀር ሌላ አያስነካም። ሙጫ አመለኛ ነው፤ ሽቦው ተፍቆ ካላበራ እንቢ ይላል። አንዴ ካስያዘ ግን ሽቦውን አይጎዳም።

አንድ ክረምት ባለቤቴ ሦስት ጥንድ ሽቦ በየደ፤ አንዱን በአሲድ፣ አንዱን በበሬ ሞራ፣ አንዱን በሙጫ። ጣራው ጠርዝ ላይ ሰቀላቸው። መስከረም ሲጠባ የአሲዱ አረንጓዴ ሻግቶ በጣት ሲነካ ተበጠሰ። የሞራው ጠቁሮ፣ ጉንዳን ወሮት፣ እንደ ምንም ይዟል። የሙጫው እንደ ነበረ ነው።

"አየህ ሙሴ?" አለው።

"ከበየድክ በኋላ አሲዱን አላጠብከውማ!" ብሎ ሙሴ ሳቀበት።

በሚቀጥለው ዓመት ባለቤቴን ወባ ጣለው። በዚያው ሰሞን የስልኩ ሣጥን ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቀቀ፤ የጣቢያው ሹም መታገሥ አቅቶት ሙሴን ጠርቶ አስበየደው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ይበላዋል" አለ።

ወባው እየተመላለሰበት ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የሐዲድ ጠባቂው እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ እየሮጠ ጣቢያው ገባ። "ቢሻን! ቢሻን!" ይላል በኦሮምኛ፤ ውኃ፣ ውኃ። በእኛና በሞጆ መካከል ጎርፍ ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ወስዶታል፤ ብረቱ ባዶ ላይ ተንጠልጥሏል። ከአዲስ አበባ የመጣው ባቡር ደግሞ ሞጆ ደርሶ ወደ እኛ ሊነሣ ነው። ሹሙ የስልኩን እጀታ አዞረ። ዝም። ደግሞ አዞረ። ዝም። ፈረሰኛ እንዳይልክ ወንዙ ሞልቷል።

ጩኸቱን ሰምቼ ከቤት እኔም ደርሼ ነበር፤ ሣጥኑን ከፈትነው። አሲዱ ሽቦውን ከሥሩ በልቶታል። እንዳንቋጥረው ውስጥ ካለው የሽቦ ጥቅል የቀረው ጫፍ ከገብስ ፍሬ አይረዝምም፤ በጣት ተጭነን ብንሞክረው መስመሩ ኩርኩር የሚል ድምፅ አሰምቶ ይጠፋል።

ባለቤቴ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ሰው ደግፎት መጣ። እጁ እየተንቀጠቀጠ የመበየጃውን ብረት መያዝ አልቻለም። አጠገቡ ተቀምጬ ሲሠራ ያየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ያዢው" አለኝ።

ብረቱን ከከሰሉ ላይ አነሣሁ።

"ፍቂው... ቀስ ብለሽ... አሁን ሙጫ።"

ሙጫው ጨሰ፤ እርሳሱ ግን ድቡልቡል ብሎ ተንከባለለ። ደግሜ ፋቅሁ። አሁንም ተንከባለለ። በፋቅሁት ቁጥር ጫፉ እያጠረ ነበር። ሹሙ ከኋላዬ ሰዓቱን እያየ ይራገማል። ሙሴ በዚህ መሃል ዝናብ እየተንጠባጠበበት ገባ፤ ሰማያዊውን ጠርሙስ በእጁ ይዟል።

"በዚህ አድርጊው" አለኝ።

"እንዳትነኪው!" አለ ባለቤቴ። "ፀጉር የሚያህል ሽቦ ነው፤ ይበላዋል!"

"ይበላዋል" አለ ሙሴ ድምፁን ሳያነሣ። "ዛሬ ግን አይበላውም።"

ባለቤቴን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል፤ ራሱን በእንቢታ ይነቀንቃል። ካገባሁት ጀምሮ ቃሉን ተላልፌ አላውቅም። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩትና የዶሮ ላባ አሲዱ ውስጥ ነክሬ ሽቦውን ቀባሁት። ብረቱን ሳስጠጋው ፍሽ አለ። በእንባዬ ውስጥ እርሳሱ እንደ ውኃ ፈስሶ ሲይዝ አየሁ።

ሹሙ እጀታውን አዞረ። ከሩቅ አንድ ድምፅ "ሞጆ!" አለ።

"አቁም! እንዳይነሣ! ሐዲዱ የለም!" ብሎ ጮኸ ሹሙ።

የሞጆው ሰው ስልኩን ጥሎ ሲሮጥ ተሰማን። የዝናቡን ድምፅ እንኳ የሰማሁ አይመስለኝም። በመጨረሻ የሞጆው ሰው እያለከለከ ተመለሰ። "የመነሻው ፊሽካ ተነፍቶ ነበር" አለ። "ቆሟል።"

ባቡሩ ሞጆ አደረ። ሐዲዱ ተጠግኖ በማግሥቱ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ገባ። ባለቤቴ ትኩሳቱ በረድ ብሎለት ቆቡን አጥልቆ ወጣ፤ እኔና ሙሴም አጠገቡ ቆምን። ተሳፋሪው እየተነጫነጨ ወረደ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት የባለቤቴን ቆብ አይታ እሱ ላይ መጣች።

"ልጄን በረሃብ አሳደራችሁት! እናንተ ሰዎች ሥራችሁ ምንድን ነው?"

ሙሴ ሊናገር አፉን ከፈተ። ባለቤቴ ክንዱን ያዝ አደረገው።

"ይቅርታ ያድርጉልን እሜቴ" አላት።

ብዙ ሳይቆይ ጦርነት መጣ። ባለቤቴ ዘመተ፤ አልተመለሰም። ሙሴም ሱቁን ዘግቶ ሄደ፤ የት እንደ ደረሰ የሰማ የለም። እኔ ግን ባለቤቴን ሳስብ ዘመቻ የሄደበት ቀን አይደለም የሚመጣብኝ። ያ ምሽት ነው፤ ሴትዮዋን ካሰናበተ በኋላ፣ ሰው ያየናል ሳይል ትከሻዬን ተደግፎ ወደ ቤታችን አዘገምን። ወባው ሥጋውን ጨርሶት ነበር።

"ከበድኩሽ?" አለኝ መንገድ ላይ።

"ኧረ የለም" አልኩት። እውነቴን ነበር።