ማርሚታዋ ዝም ያለበት ቀን

አጎቴ የራሳቸውን ቤት እንኳ «ቤቶች!» ሳይሉ ገብተው አያውቁም። «ሳይጣራ የሚመጣ ሌባ ነው» ይሉ ነበር።

መንገድ ላይ ግን አሮጌዋ ላንድሮቨራቸው ራሷ ትጣራላቸው ነበር። የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ዝገት ስለበላው ጩኸቷ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ማንኪራ መንደር ስልክ አልነበረም፤ በእሳቸው መኪና ቦንጋ ገበያ የሚሄድ ሰው ማሩንና ቡናውን ተሸክሞ ወደ መንገድ የሚሮጠው ያንን ጩኸት ሲሰማ ነበር።

ከአዲስ አበባ አዲስ ማርሚታ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ስር ተኝተን፣ የዛጉትን ብሎኖች በመጋዝ ቆርጠን ገጠምነው። ሞተሩ ተነስቶ እንኳ የወፎች ድምፅ ሰማን! በደስታ ዘለልኩ፤ አጎቴም ግሪስ በነካው እጃቸው አቀፉኝ።

በማግስቱ ከማንኪራ ባዶ መኪና ይዘው ተመለሱ። መምጣታቸውን የሰማ ሰው አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ ሌባ አደረግሽኝ እኮ!»

አሮጌውን መልሰው ይገጥሙታል ብዬ ስፈራ፣ ጎናቸው አስቀምጠውኝ እንደገና ወጣን። በየደጁ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ቤቶች! ቤቶች!» እያሉ ነዱ። ሰው እየሳቀ ሮጦ ወጣ፤ መኪናዋ ጢም ብላ ሞላች! ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻቸው እንዲሁ ነዱ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ እኔ ነዳኋት። ማንኪራ፣ መጀመሪያው ቤት ደጃፍ ስደርስ መስኮቱን ከፍቼ «ቤቶች!» አልኩ። የቤቱ እመቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ መሞታቸውን አሳምራ እያወቀች፣ ማሯን ታቅፋ ፊቷ በርቶ ሮጣ ወጣች፤ እኔን እስክታይ ድረስ።