ስለ ኮቱ ብቻ

የመጡብኝ ቴሌቪዥን እያየሁ ነው። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ የምክር ቤቱን ስብሰባ በቀጥታ እየተከታተልኩ ነበር። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» ብለው እጆች ሲወጡ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው ደንበኛዬ ነው፤ የልጁን የልደት ሰርተፍኬት ኮፒ ያደረግኩለት ሰው። ፊቴን ሳያይ «ስልክህን ይዘህ ተነስ» አለኝ። ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ እስኪቆጠር ብቻ እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው። ደንበኛዬ ሄዶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ያን ቀን ተወካያችን ምን ላይ እጁን እንዳወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የተያዝኩት በቴሌግራም ገጼ ነው። መርጠን የላክነው ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እከታተል ነበር፤ ምን ላይ ድምፅ ሰጠ፣ ምን ተናገረ፣ ምን ጠየቀ። አዳራሹ ሰፊ፣ ካሜራው ሩቅ ስለሆነ ሰውየውን የማገኘው በኮቱ ነበር። ቡናማ ኮት ነው፣ ትከሻው ላይ ሰፋ ያለ፤ ከዚያ ሁሉ ጥቁርና ሰማያዊ ሱፍ መሐል ለብቻው ይታያል። ቡናማው እጅጌ ከፍ ሲል «ደገፈ» ብዬ እጽፋለሁ። ሁልጊዜም ይደግፋል።

መጀመሪያ ላይ የምጽፈው «ድምፅ፦ ድጋፍ። ንግግር፦ የለም። ጥያቄ፦ የለም» ብቻ ነበር። የሚያነበኝ ሰው ከዘመዶቼ አይዘልም። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ኮቱ ተገኝቷል፤ ባለቤቱ ግን አልተናገረም» ብዬ ለጠፍኩ። ከተማው በሳቅ ሞተ። ከዚያ በኋላ ኮቱን የሚያስጥለኝ ጠፋ። ኮቱ ደገፈ፣ ኮቱ አዛጋ፣ ኮቱ ውሃ ጠጣ። የባጃጅ ልጆች በደጄ ሲያልፉ «ኮቱስ?» እያሉ ይጮሁልኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ነበር ደስ የሚለኝ።

የጣቢያውን ስም ልተወው። ክፍሉ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ፣ የረጠበ ጫማና በረኪና የሚሸት፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር የተሰነቀረ ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ አንድ ከባድ ሰውዬ ከካርቶኑ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። በቡኢ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ ሾፌር ነው።

«አንተ፣ የኮቱ ሰውዬ አይደለህም እንዴ?»

ነኝ አልኩ።

«አቦ ይመችህ! ኑ እዩት፣ የኮቱ ሰውዬ መጣላችሁ!»

የእስር ቤት ትልቁ ሹመት ከሽንት ባልዲው የራቀው ጥግ ነው፤ እሱን ለቀቀልኝ። ምሽቱን ስለ ኮቱ አውራ አሉኝ፤ አወራሁ። ሰዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ፍርሃቴን የምረሳው በዚህ ነበር። ቤቴ ውስጥ አራስ ሚስት ነበረችኝ፤ ልጃችን ገና ዓይኑን በደንብ አልገለጠም። ዝም ስል ስለ እነሱ ማሰብ እጀምራለሁ፤ ስለዚህ ዝም አልልም።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር፤ አልመታኝም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገብኝም። በታሰርኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ጠዋት አስጠራኝና በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ወደኔ ገፋ አደረገ። ስለ ሕዝብ ተወካያችን የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ነው ይላል።

«ፈርመህ ገጽህ ላይ ትለጥፋታለህ። ማታ ቤትህ ታድራለህ።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ካልፈረምክ ምርመራው ይቀጥላላ» አለኝ፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

እሺ አልኩ። ብዙም አላስቸገርኩትም። አለቃው ከስብሰባ ሲመለስ ከሰዓት በኋላ እፈርማለሁ ተባባልንና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ልጄን እንዴት እንደማቅፈው እያሰብኩ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ለሾፌሩ ምንም አልነገርኩትም። ያኔም አፍሬ ነበር፤ ግን የሚቻል ሐፍረት ነበር።

ወደ ምሳ ሰዓት ተረኛዋ ፖሊስ በሩን ከፈተች።

«ስንቅ መጥቶልሃል፣ ውጣ። እናትህ ናቸው።»

እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ስህተት ነው እንዳልል ስንቁ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ፤ ተከትያት ወጣሁ።

በእንጨቱ መከለያ ማዶ አንዲት ቀጭን አሮጊት ቆመዋል። ጥቁር ሻሽ ከግንባራቸው ዝቅ አድርገው አስረዋል፤ ጫማቸው የእንሴኖ መንገድ አቧራ ለብሷል። ተረኛዋ ምሳ ዕቃውን አስከፍታ «ቀምሰው ያሳዩ» አለቻቸው። ከቆጮውም ከጎመኑም ቆረስ አድርገው ቀመሱ።

«እርስዎ እናቱ ነዎት?» ተረኛዋ ሻሻቸውን አየች፤ ቀጥሎም አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ።

«አዎ፣ እናቱ» አሉ፣ ሳያቅማሙ።

ከተማው ትንሽ ነው። ተረኛዋ ማን እንደሆኑ ታውቅ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ። ያን ጊዜ ግን ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትንሽ ራቅ አለችልን።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ «እንደምን ዋልክ ልጄ» ጨመሩበት። ምሳ ዕቃውን በእንጨቱ ላይ አሳልፈው ሰጡኝ። «ሥጋ የለበትም፣ አትፍራ። ጎመኑም በዘይት ነው፣ ቅቤ አላስነካሁትም። ዛሬ ረቡዕ አይደል።»

እኔ ራሴ ቀኑን ስቼው ነበር።

«እናቴ፣ አላወቅኩዎትም፤ ማን ልበል?»

«የባለ ኮቱ እናት ነኝ።»

የምገባበት ጠፋኝ።

«ገበያ ላይ እንደዚያ ነው የሚሉኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ከበርበሬዬ ጋር ስቀመጥ ‘የባለ ኮቱ እናት፣ ስንት ነው?’ ይሉኛል። ኮቱን እኔ ነኝ የገዛሁለት። የተመረጠ ጊዜ። ከትልልቅ ሰው ጋር ሲቀመጥ እንዳያፍር ብዬ። ሰፍቶታል፣ አውቃለሁ። ሲወፍር ይሞላበታል ብዬ ነበር።»

መሬት መሬቱን አየሁ። ምሳ ዕቃው ገና ትኩስ ነው፤ እጄን ያቃጥለኛል፤ ግን የማስቀምጥበት ቦታ አልፈለግኩም።

«በኔ ልጅ ሰበብ የሰው ልጅ ሲታሰር ዝም ብል አላህ አይወደውም። ልቀቁት ልላቸው ቢሮ ገባሁ። ‘ውሸት መሆኑን ይፈርማል፣ ማታ ይወጣል’ አሉኝ።» ወደኔ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ እውነት ውሸት ነበር?»

ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ቢሆን በቀለለኝ። ተስፋ ነበር። አዎ ብል እሳቸው ቀና ብለው ገበያቸው ይቀመጣሉ፣ መርማሪው ይደሰታል፣ እኔም ማታ ልጄን አቅፋለሁ። በአንድ ቃል የሁላችንም ጉዳይ ያልቃል።

«ወላሂ አልቆጣህም» አሉኝ። «ውሸት ከሆነ ደስ ነው የሚለኝ።»

«ውሸት አይደለም እናቴ። የደገፈውን ነው ደገፈ ያልኩት።»

«አንድም ቀን አልጠየቀም?»

«አንድ ቀን ጠይቋል።»

«ምን ብሎ?»

በቃሌ አውቀው ነበር፤ ያን ቀን ሁለቴ ሦስቴ እየመለስኩ ሰምቼዋለሁ። «የግብርናውን ሚኒስትር ነው የጠየቃቸው። ‘የእናቴ ጓሮ እንሰት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከመሐሉ ጠወለገ፤ ከሥሩ ነቅለን ቀበርነው። በየጓሮው እንደዚሁ ነው። ለዚህ በሽታ ምን እየተሠራ ነው?’ አለ።»

«እናቴ አለ?»

«አለ።»

«እዚያ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።»

የሻሻቸውን ጫፍ ይዘው አፋቸው ላይ አደረጉ። እንሰቱን ሲቀብሩ አብሯቸው ቆፍሮ እንደነበር ነገሩኝ፤ መዳፉ ተልጦ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና ጠየቁኝ።

«ታዲያ ሰው ይኼን ለምን አልሰማም? አንተ አልጻፍክም?»

«ጽፌ ነበር።»

«እና?»

«ከላዩ ቀልጄ ነበር እናቴ። ‘ተአምር፣ ኮቱ አፍ አወጣ’ ብዬ። ሰው እሱን አይቶ ሳቀ፤ ከሥር ያለውን ጥያቄ ያነበበ የለም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ደስታዬ ነበር። ምሳ ዕቃውን አዩና «በል ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ሄዱ።

ክፍል ስገባ ሾፌሩ ካርቶኑን አነጠፈ፤ ከበን ተቀመጥን። ጎመኑን በቆጮ ጠቅልሎ ጎረሰና «የባለሙያ እጅ ነው!» አለ። ቀጠለና «በል እስቲ፣ ኮቱን አንሳልን» አለኝ።

«ዛሬ ይቅርብን።»

«ምነው?»

«የምትበላው የናቱን እጅ ነው።»

እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ኮት ሲወራ አልሰማሁም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ወረቀቷን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ባዶ ወረቀት ስጠኝ አልኩት። ያንኑ በራሴ እጅ የምገለብጥ መስሎት ሰጠኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ስለ ተወካያችን ኮት የጻፍኩት ስድነት ነው፤ እሱንም ወላጅ እናቱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ሰጠው ድምፅ፣ ስለ ንግግሩና ስለ ጥያቄው የጻፍኩት ግን እውነት ነው። ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ደጋግሞ አነበበው።

«በኮት የከሰሰህ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«እና ይኼ ምንድነው?»

«እኔ የማፍረው በሱ ነው።»

ወረቀቱን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «እንግዲህ ልጅህን አታይም» አለኝ። በር ላይ ስደርስ ተመልሼ የሱን ወረቀት ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ጀግና የሆንኩ የሚመስለው ካለ ይኼን ይወቅልኝ። ልጄ ክርስትና ሲነሳ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሚስቴ አጥንቴን የሚነካ ነገር ለመናገር ስትፈልግ አሁንም እሱን ነው የምታነሳው። እውነቷን ነው።

በኋላ በዋስ ለቀቁኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ገጼን ከፍቼ መጀመሪያ የለጠፍኩት ያንኑ ይቅርታ ነው፤ ከሥሩ የእንሰቱን ጥያቄ ከነሙሉ ቃሉ። ሰው ፈርቶ ነው አለ። ጥቂቱ ገንዘብ በልቷል አለ። ያለ ቀልድ የሚያነበኝ ዛሬ እንደ ድሮው ከዘመዶቼ አይዘልም።

ስብሰባውን አሁንም አያለሁ። ግን ተወካያችን ቡናማውን ኮት ትቶታል። እንደ ሌሎቹ ጥቁር ሱፍ ነው የሚለብሰው መሰለኝ፤ ካሜራው ሲዞር ሁሉም አንድ ናቸው፤ እጆች ሲወጡ የሱ የትኛው እንደሆነ አይታየኝም። «ድምፅ፦ ለይቼ አላየሁም» ብዬ እጽፋለሁ። ሰውየውን እንዳላየው ያደረግኩት ራሴ ነኝ።

ባለፈው ወደ እንሴኖ ሄጄ ነበር። ገበያው መሐል ከበርበሬያቸው ኋላ ተቀምጠዋል። እስከዚያ ድረስ ባለፍኩ ቁጥር በሌላ በኩል እዞር ነበር፤ ያን ቀን ግን ቀድመው አዩኝ።

«ልጄ! ጠየቀ?»

«እስካሁን አልጠየቀም እናቴ።»

በርበሬ መዘኑልኝ። ሚዛኑን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኮቱንስ ይለብሳል?» አሉ።

ኮቱን መተዉን ለሳቸው መንገር ያን ወረቀት ከመጻፍ የባሰ ከበደኝ። «እኔ አላየሁትም» አልኩ።

ከዚያ ከክምሩ አንድ እፍኝ አነሱና በምርቃት ፌስታሌ ውስጥ ጨመሩ። በቃ እናቴ፣ በቃ አልኩ። ሌላ እፍኝ ጨመሩ።

«ያዝ» አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ። «እሱን ስትፈልግ ደከምክ እኮ።»