ቁንጫ የሌለበት ክፍል

«አንቺ ምንም አላደረግሽም፤ አፍሽ ነው የበላሽ» አለኝ መርማሪው፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻዩን እያማሰለ። «አርፈሽ ብትቀመጪ ኖሮ ይኼኔ ቤትሽ ነበርሽ።»

ሞጣ ላይ በተጠራ ስብሰባ እጄን አውጥቼ፣ የታሰሩት ልጆች የት እንደተወሰዱ ጠይቄ ነበር። መልሱን በማግስቱ ራሴ ሄጄ አየሁት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀ ሰሞን ነው። ሞጣ ያለው ማቆያ ስለሞላ በፒካፕ ጭነው ቢቸና አመጡን፤ እዚያም ቦታ ስላልነበረ ሴቶቹን ለብቻ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ አስገቡን። በሩ ብረት ነው። ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቷል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ትንሽ ቀዳዳ ብቻ። ወለሉ አፈር። ሽታው የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ላይ ነዳጅ የፈሰሰበት ይመስላል።

ከመካከላችን አንዷ የሞጣ ነጋዴ ናት። ባሏ ሲሰወርባቸው በእሱ ፈንታ እሷን ያዟት፤ መዳህ የጀመረ ወንድ ልጅ ታቅፋለች።

«እስር ቤትም ቢሆን እንዲህ አይታደርም» አለች ገና እንደገባን። ተነሳን። ጎርበጥባጣውን ወለል በቆርቆሮ ስባሪ ፋቅነው፣ ጠረግነው፣ ውኃ አርከፍክፈን በእግራችን ደለደልነው፤ ቤታችን እንደምናደርገው። አቧራው ሲነሳ በነጠላችን አፋችንን ይዘን ተሳሳቅን። እኔን ራሴን ሲወቅረኝ አደረ። የእስር ነው አልኩ።

ጠዋት የልጁ እናት ልብሱን ገልባ ሆዱንና ጀርባውን አገላብጣ አየችው። «እዩልኝ! አንድ ቁንጫ አልነካውም። ሞጣ እኮ ጨርሶት ነበር።»

«እንዲህ ያለ እስር ቤትማ በኪራይም አይገኝ» አልኳት።

ሳቅን። ልጁን መሬት ላይ ለቀቀችው፤ አዲሱን ወለል ከጥግ እስከ ጥግ ዳኸበት።

ከረፋዱ ላይ አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴት አስገቡ። ጠበቃ ናቸው። ሥራቸውን በኋላ ነው ያጫወቱን፦ መጀመሪያ በመንግሥት ሥራ ፋብሪካና መጋዘን እየዞሩ፣ ቆሻሻቸውን በሕጉ መሠረት ያስወግዱ እንደሆን ይቆጣጠሩ ነበር። ኋላ በግላቸው ሆነው፣ መሬት የበከለ ሰው ቤት ሳይሠራበት በፊት እንዲያጸዳው ይከራከሩ ነበር።

ሲገቡ ግን ሰላምታ እንኳ አልሰጡንም። በሩ ሥር ቆመው አሸተቱ። የበሩን ብረት በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ፣ «ቁንጫ አለ?» አሉ።

«ኧረ የለም እትዬ!» አለች እናቱ፣ የራሷን ቤት እንደምታስጎበኝ ደስ ብሏት። «ትኋንም የለ። ዝንብ እንኳ ገብቶ አያውቅም።»

«ልጁን አንሺው።»

«እ?»

«ልጁን ከመሬት አንሺው!»

ዛሬም የማላውቀው ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ዝንብ ነው። ካላየሁ አልቀመጥም። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ጠበቃዋ ቁጢጥ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። ይህ ክፍል የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ሲከማችበት የኖረ ነው። በርሜሎቹ ዝገው አፈሩ ላይ ፈስሰዋል። «በርሜሎቹን ተከራክሬ አስወጣኋቸው። አፈሩም ተቆፍሮ እንዲወጣ፣ እስከዚያ ድረስም ሰው እንዳይገባበት አስወሰንኩ። በጀት ሲመጣ አሉኝ።» ግድግዳውን አዩት። «ኖራ ቀቡት።»

«እኛ እኮ ፋቅነው» አልኩ። «ውኃም አጠጣነው።»

የእጃችንን ጥፍሮች ተራ በተራ አዩ።

«ሴትዮ፣ ሟርት ይዘውብን መጡ?» ብላ ጮኸችባቸው እናቱ። ልጁን ግን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። ዓይኑ ያለቅሳል። ለሐጩ አገጩን አልፎ አንገቱ ድረስ ወርዷል። ጠዋትም አይተነው ነበር፤ ምንም አላልነውም። «ጥርስ ሊያወጣ ነው» አለች፣ አንድ በአንድ እያየችን። «ጥርሱ ነው፣ አይደል?»



ከዚያች ሰዓት ወዲያ ልጁ መሬት አልነካም። አንዷ ክንዷ ሲዝል ለሌላዋ ትሰጣለች። መዳህ የጣመው ልጅ ነው፤ ወደታች እየተንጠራራ አለቀሰ። ጠበቃዋ በሩ እስኪከፈት ድረስ በመዳፋቸው መቱት። የማቆያው አለቃ መጣ።

«እርስዎ ደግሞ እዚህም ክርክር?»

«ለእኔ አይደለም። ሕፃኑንና እናቱን ከዚህ ክፍል አውጡ።»

«ሌላ ክፍል የለም። ሕፃኑ ደግሞ እስረኛ አይደለም። ከፈለገች ለሚወጣ ሰው ትስጠው።»

የሚወጣ ሰው አልነበረንም።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። አጎቴ ከሞጣ መጥቶ ዋስ ሆኖኛል። «ከእንግዲህ አፍሽን ያዢ» አለኝ። «ሂጂ፣ ዕቃሽን አምጪ።»

ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እናቱ ልጁን እንደታቀፈች ቀና ብላ አየችኝ።

«ጡት አልጣለም እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

ጠበቃዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ቆሙ። እናቱ የልጁን ራስ ዳበሰችና፣ «እናቴ በርበሬ ተራ ናት። የኔን ልጅ ስታይ ትጮኻለች፤ አትደንግጪ» አለችኝ።

«በዚህ ልብስ ግን አይውጣ» አሉ ያኔ ጠበቃዋ። «አፈሩ ሁሉ ላዩ ላይ ነው።»

ለያንዳንዳችን የቀኑ የመጠጥ ውኃ በሃይላንድ ታድሎናል፤ እስከ ነገ ሌላ አይመጣም። እናቱ የራሷን አንስታ ክዳኑን ከፈተች። ከጎኗ ያለችው ሴት፣ «ያንቺን ተዪው፣ ታጠቢያለሽ» ብላ የራሷን ሰጠች። ቀጣይዋም ሰጠች። እኔ ጭኔ ላይ ይዤው እየተፈራገጠ አጠብነው፤ ጣቱን አንድ በአንድ፣ የጥፍሩን ሥር፣ አንገቱን። ጠበቃዋ ከቤት የመጣላቸውን ነጠላ ከፌስታሉ አውጥተው ልጁን ጠቀለሉበት። እናቱ ጡቷን ታጠበች፤ አጠባችው። እኛ ወደ በሩ ዞርን።

አጎቴ የላከልኝን ቅያሬ ለበስኩ። ልጁን አሳዘሉኝ። እናቱ የነጠላውን ጫፍ ደረቴ ላይ ራሷ ቋጠረችው፤ ፈትታ ደግማ ቋጠረችው።

«ጫማሽን በሩ ላይ ተዪው» አሉኝ ጠበቃዋ። «ይኼ አፈር ልጁ ወደሚያድርበት ቤት መግባት የለበትም።»

አውልቄ ተውኩት። ግቢውን አጋምሼ ነበር፣ ዘበኛው ከኋላዬ ሲጠራኝ።

«አንቺ! ጫማሽን ረሳሽ!»

«አልረሳሁም» አልኩት። ልጁን ጀርባዬ ላይ ከፍ አደረግኩትና በባዶ እግሬ ወጣሁ።